ከጥርስ ሥር የተወሰደን ናሙና በሲኩዌንሲንግ መመርመር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የጥርስ ክሊኒኮችና ላቦራቶሪዎች

ነርቩ ከሞተ ጥርስ ሥር በወረቀት ጫፍ (ሥሩ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ሾጣጣ ወረቀት) የሚቀዳው እርጥበት ጥቂት ማይክሮ ሊትር ብቻ ነው። በውስጡ ያለው ባክቴሪያ አንዳንዴ ጥቂት ሺህ፣ አንዳንዴ ብዙ ሚሊዮን ይሆናል። በአንጻሩ አንድ ሚሊ ሊትር ምራቅ መቶ ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ይይዛል። እንግዲህ በናሙናው ላይ ያረፈች አንዲት ማይክሮ ሊትር ምራቅ መቶ ሺህ ባክቴሪያ ይዛ ትገባለች ማለት ነው። ሲኩዌንሲንግ የዲ ኤን ኤን ቅደም ተከተል ማንበብ ነው፤ የሚያነበው ማሽን ግን የሥሩን ከምራቁ አይለይም፤ የገባለትን ሁሉ አንብቦ ያወጣል። ስለዚህ ውጤቱ የሚታመን የሚሆነው ወይም የሚበላሸው በታካሚው ወንበር ላይና በብላንኮቹ (ሆን ተብሎ ያለ ናሙና በሚሠሩት መቆጣጠሪያዎች) ላይ ነው። ይህ መመሪያ ብዙ ቦታ የሰጠውም ለእነዚሁ ነው፤ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሥራ ከዚያ ይቀላል።

ጥርስ ሥሩ ድረስ የሚታመመው በባክቴሪያ ምክንያት መሆኑ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አከራካሪ አይደለም። በዚያ ዓመት በወጣው ሙከራ ጀርም በሌለበት ያደጉ አይጦች ነርቫቸው ቢገለጥም ጥርሳቸው ሲድን፣ ተራዎቹ አይጦች ግን ነርቩ ሞቶባቸው ሥሩ መግል ቋጥሯል። ያስቸገረው የትኞቹ ባክቴሪያዎች እንደሆኑ ማወቁ ነበር፤ በሥር ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ኦክስጅን የማይወዱ ስለሆኑ ካልቸር (የላቦራቶሪ ማብቀያ) ላይ ብዙዎቹ አይበቅሉም። 16 ኤስ የሚባለው ጂን በሁሉም ባክቴሪያ ውስጥ አለ፤ ርዝመቱ 1,500 ቤዝ (የዲ ኤን ኤ ፊደል) ገደማ ሲሆን ዘጠኝ ተለዋዋጭ ክፍሎች አሉት። ይህን ጂን አባዝቶ ማንበብ ያልበቀለውንም በስሙ ለመጥራት ያስችላል።

ታካሚ መምረጥና ማስፈቀድ

መጀመሪያ ጥያቄው አንድ ይሁን። ከዚህ በፊት ያልታከመ ሥር ውስጥ ያለውን ማጥናትና ታክሞ እንደገና ያመመውን ማጥናት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ጥናት ሲቀላቅሉ የናሙናው ቁጥር ለየትኛውም አይበቃም። ላልታከመው የሚመረጠው ጥርስ ለቅዝቃዜ ምርመራ መልስ የማይሰጥ፣ በራጅ ላይ ከሥሩ ጫፍ ጥቁር ጥላ የሚታይበት፣ የድዱ ኪስ ከ4 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ራበር ዳም (ጥርሱን ከምራቅ የሚለየውን ጎማ) ለመያዝ በቂ አካል የቀረው ነው። የድዱ ኪስ ጥልቅ ከሆነ የድዱ ባክቴሪያ ከሥሩ ጋር ይቀላቀላል፤ በኋላ ማንም ሊለያቸው አይችልም።

ባለፉት ሦስት ወራት አንቲባዮቲክ የወሰደ አይካተት። እዚህ ላይ አጠያየቁ ወሳኝ ነው። "አንቲባዮቲክ ወስደዋል?" ሲባል ብዙ ሰው አልወሰድኩም ይላል፤ ከፋርማሲ ገዝቶ የዋጠውን አሞክሳሲሊን እንደ ማስታገሻ ስለሚቆጥረው ነው። "ለጥርስዎ ብለው የገዙት ኪኒን አለ? ማሸጊያው ካለ ያሳዩኝ" ብሎ መጠየቅ እውነቱን ያወጣል።

ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ደሴ ላይ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚቀርበው ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ነው። ናሙናው ወይም ዲ ኤን ኤው ከአገር የሚወጣ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትና ከአገር አቀፍ አካል የሚሰጥ ፈቃድ ይጨመራል። ይህ ጊዜ ይወስዳልና ኪት ከማዘዝ በፊት ይጀመር፤ ኪቱ የማብቂያ ቀን አለው። ታካሚውን ማስረዳት ደግሞ በቀላል አማርኛ ይሁን፦

"እናቴ፣ ይህን ጥርስ ዛሬ ከፍተን ማጠባችን አይቀርም። ከመታጠቡ በፊት በቀጭን ወረቀት ከሥሩ ውስጥ ትንሽ እርጥበት እንወስዳለን፤ ጀርሙ የትኛው እንደሆነ ለማጥናት ነው። የተለየ ሕመም የለውም፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጨምራል። አይሆንም ቢሉም ሕክምናዎ እንዳለ ይቀጥላል፤ አብሽሩ።"

ፊቱ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ የተቸገረ ሰው የጥናት ታካሚ አይደለም። እሱ ቶሎ መግሉ ወጥቶለት ወደ ሆስፒታል መላክ ያለበት ሰው ነው።

ከፍታችን የሚያመጣው ችግር

ኪት ይዘው የሚመጡ መመሪያዎች የተጻፉት በባሕር ጠለል አካባቢ ላሉ ላቦራቶሪዎች ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ይመታል።

አንደኛው አውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ግፊት ዕቃ የሚያጸዳው ማሽን ነው። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በባሕር ጠለል 15 ፒ ኤስ አይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ይደርሳል። ደሴ ላይ ግን የውጭው አየር ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ ያው 15 ፒ ኤስ አይ የሚያደርሰው ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ደሴ ላይ 19፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ 18 ፒ ኤስ አይ ገደማ ማሳየት አለበት። ይህን ከማድረግ በፊት ዕቃው ያን ግፊት እንዲችል መሠራቱን ከሰሌዳው ላይ ያረጋግጡ፤ ካልቻለ በሙቀት መለኪያ የሚሠራ አውቶክሌቭ ይጠቀሙ። በየሳምንቱም የስፖር መፈተሻ ይግባበት። ቀለም የሚቀይረው ቴፕ ዕቃው መሞቁን እንጂ መጽዳቱን አይመሰክርም።

ሁለተኛው የፈላ ውሃ ነው። ውሃ ደሴ ላይ በ92፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። "95 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ" የሚል መመሪያ በውሃ መታጠቢያ ሊፈጸም አይችልም፤ ደረቅ ሂት ብሎክ (ቱቦ የሚያሞቅ ብረት) ወይም ዲ ኤን ኤ የሚያባዛው የፒ ሲ አር ማሽን ራሱ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ ነገር እንጨምር፤ ይኸኛው ከከፍታው የመጣው ብርድ ነው። መመሪያዎች "በክፍል ሙቀት" ሲሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለታቸው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት የደሴ ላቦራቶሪ ክፍል ከዚያ በብዙ ይወርዳል። ዲ ኤን ኤ የሚይዙት የማግኔት ቢዶች ቀዝቅዘው ሥራ ላይ ከዋሉ የሚይዙት ይቀንሳል። ከፍሪጅ ከወጡ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘ ሂት ብሎኩን 25 ዲግሪ ላይ አድርገው እዚያ ያኑሯቸው።

ንጹሕ ማለት ከጀርም የጸዳ ብቻ አይደለም። አውቶክሌቭ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ዲ ኤን ኤውን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፤ ሲኩዌንሲንግ ደግሞ የሞተውንም ያነባል። ዲ ኤን ኤ የሚያጠፋው በረኪና ነው። 5 በመቶ የሆነውን የገበያ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ፤ ጠረጴዛውን፣ የፒፔቱን እጀታ፣ የቱቦ መደርደሪያውን በዚያ አርጥበው 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ በውሃ፣ በመጨረሻም በአልኮል ይጥረጉ። ብረት ላይ ከቆየ ያዝገዋል። ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ በብዙ የዲ ኤን ኤ ማውጫ ኪቶች ውስጥ የጓኒዲን ጨው አለ። በረኪና ከእሱ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የኪት ፍሳሽ ያለበት ዕቃ ውስጥ በረኪና ፈጽሞ አይጨመር።

ወንበሩ ላይ

የአፍ ናሙና አወሳሰዱ መሠረቱ ሞለር በ1966 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቅደም ተከተል ነው፤ እስከ ዛሬ የተሻለ አልመጣም።

ታካሚው አፉን ይጉመጥመጥ፤ ጥርሱ በብሩሽና በፓሚስ ይጽዳ። ካሪሱ (የበሰበሰው የጥርስ ክፍል) በሙሉና የቆየው ሙሌት ወጥተው ያልቁ፤ የነርቩ ጣሪያ ግን ገና አይከፈት። ብዙ ናሙና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካሪሱ ሳያልቅ ጣሪያው ከተከፈተ የካሪሱ ባክቴሪያ ከመቦርቦሪያው ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ራበር ዳሙ ይጠመድ፤ ጥርሱና ጎማው የሚገናኙበት ዙሪያ በማሸጊያ ይደፈን። ማሸጊያው ከተጫነ በኋላ በጥርሱ ዙሪያ በሲሪንጅ ጥቂት ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ያፍሱና ሁለት ደቂቃ ይዩት፤ ከቀነሰ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ምራቅም በዚያው ይመጣል።

አሁን የጥርሱ ላይና ዙሪያው ያለው ጎማ በ30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አረፋው እስኪቆም ይጠረግ። ይህ መጠን ቆዳና ድድ ያቃጥላል፤ በጥጥ ጨምቀው እንጂ አያፍስሱት፤ ታካሚው የዓይን መከላከያ ያድርግ። ቀጥሎ በ2.5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አንድ ደቂቃ ይጠረግ፤ መጨረሻ ላይ በ5 በመቶ ሶዲየም ቲዮሰልፌት ይገደል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ሲዘለል የቀረው ሃይፖክሎራይት ናሙናው ውስጥ ገብቶ የምንፈልገውን ዲ ኤን ኤ ራሱን ይበላዋል። ውጤቱ "ባክቴሪያ የለም" ይመስላል፤ እውነቱ ግን ባክቴሪያው በእጃችን መጥፋቱ ነው።

ከዚያ አንድ ወረቀት ጫፍ በሳላይን ነክረው የጸዳውን የጥርስ ገጽ ይጥረጉና በራሱ ቱቦ ያኑሩት። ይህ የገጽ መቆጣጠሪያ ነው። በፒ ሲ አር ላይ ይህ ናሙና ጥርት ያለ ባንድ (የተባዛ ዲ ኤን ኤ መኖሩን የሚያሳይ መስመር) ካወጣ የዚያ ጥርስ ናሙና ከጥናቱ ይወጣል። ያሳዝናል፤ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

የነርቩ ጣሪያ በአዲስ ንጹሕ የመቦርቦሪያ ጫፍ ይከፈት፤ የወንበሩ ውሃ ግን ይዘጋ። በወንበሩ ቀጭን ቱቦዎች ውስጥ የራሳቸው ባክቴሪያ ይኖራል፤ ውሃው ከፈሰሰ ሥሩ ውስጥ የቱቦውን ባክቴሪያ ስናነብ እንቀራለን። ማቀዝቀዣው ከሲሪንጅ የሚንጠባጠብ ንጹሕ ሳላይን ይሁን። ጓዳው ከተከፈተ በኋላ ግድግዳው እንደገና በሃይፖክሎራይት በተነከረ ትንሽ ጥጥ ይጠረግ፤ ወደ ሥሩ እንዳይወርድ ጥጡ ይጨመቅ፤ በቲዮሰልፌትም ይገደል።

ብዙ ሥር ባለው ጥርስ አንድ ሥር ብቻ ይመረጥ፤ ጥላው የሚታይበት፣ ወይም ሰፊው። ሥሩ ደረቅ ከሆነ ከአንድ ጠብታ ያልበለጠ ሳላይን ይግባ። ቁጥር 15 ኬ ፋይል (ቀጭን የሥር መፋቂያ) ከሥሩ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር መለስ ድረስ ወርዶ ግድግዳውን በቀስታ ይፋቅ፤ ባክቴሪያው የሚኖረው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስለሆነ ሳይፋቅ የሚወሰድ ናሙና ተንሳፋፊውን ብቻ ይይዛል። ከዚያ ሦስት ወረቀት ጫፎች ተራ በተራ፣ እያንዳንዳቸው ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ እዚያው ርዝመት ላይ ይቆዩ። ሰዓት ይያዙ፤ እጅ በግምት ሲቆጥር ደቂቃው 20 ሰከንድ ይሆናል። ወረቀቱ ሲወጣ ከንፈርን፣ ጎማውን፣ የቱቦውን አፍ ሳይነካ ቀጥ ብሎ ወደ ቱቦው ይግባ። ረዳቱ ቱቦውን ከጥርሱ አጠገብ ይዞ ክዳኑን የሚከፍተው ወረቀቱ ከሥሩ በሚወጣበት ቅጽበት ብቻ ነው።

ኢ ዲ ቲ ኤ የሚባለው የሥር ማጠቢያ ከናሙናው በፊት አይግባ፤ ፒ ሲ አር የሚፈልገውን ማግኒዚየም ይይዝበታል። ታክሞ የነበረ ጥርስ ከሆነ ጉታ ፐርቻው (የቀድሞው የሥር ሙሌት) ያለ ማሟሟያ ፈሳሽ በፋይል ይውጣ።

ሦስት ወረቀት ጫፎች ደግሞ ከዚያው ፓኬት ወጥተው አንድ ደቂቃ አየር ላይ ተይዘው፣ ምንም ሳይነኩ ወደ ቱቦ ይግቡ። ይህ የወንበር ብላንክ ነው፤ በየቀኑ አንድ፣ አዲስ ፓኬት በተከፈተ ቁጥርም አንድ።

ማቆየትና ማጓጓዝ

ደረቅ በረዶ እዚህ እንደልብ አይገኝም፤ መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ ቱቦው ውስጥ አስቀድሞ 500 ማይክሮ ሊትር ዲ ኤን ኤ ጠባቂ ፈሳሽ ይኑር፤ ዲ ኤን ኤ አር ኤን ኤ ሺልድ የሚባለው ለዚህ ተሠርቷል። ባክቴሪያውን ወዲያው ገድሎ ዲ ኤን ኤውን ሳምንታት ያለ ቅዝቃዜ ያቆያል። ጨው ውሃ ወይም ተራ በፈር ውስጥ የተቀመጠ ናሙና ግን በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል፤ ከኮምቦልቻ ክሊኒክ ወደ ደሴ ላቦራቶሪ 25 ኪሎ ሜትር ያህሉን እስኪወጣ ድረስ ቀን ሙሉ በሚኒባስ ኮፈን ሙቀት ላይ ከዋለ፣ ኦክስጅን የሚችለው ተባዝቶ የማይችለው ሞቶ ይደርሳል። ፈሳሹ ከ500 በላይ ከሆነ ደግሞ ትንሹ ናሙና ይሳሳል።

ቱቦው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም አይጻፍ። አልኮል የማያጠፋው ብዕር ይሁን፤ ክዳኑም ጎኑም ላይ ይጻፍ። ክዳን ብቻ ላይ የተጻፈ ቁጥር ክዳን በተለዋወጠ ቀን ጥናቱን ያጠፋል።

ዲ ኤን ኤ ማውጣት

የአንዳንድ ባክቴሪያ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ፓርቪሞናስ፣ ኢንተሮኮከስና አክቲኖማይሲስ ሳይሰበሩ ከቀሩ ውጤቱ ላይ የሌሉ ይመስላሉ። መፍትሔው በትናንሽ ዶቃ መምታት ነው፤ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆኑ ዶቃዎች ያሉበት ቱቦ፣ አራት ጊዜ አንድ አንድ ደቂቃ፣ በመሃል ደቂቃ በበረዶ ላይ። ሊሶዛይም ጥሩ ረዳት ነው፤ ነገር ግን በጠባቂ ፈሳሹ ውስጥ አይሠራም፤ ያ ፈሳሽ ካለ በዶቃው ብቻ ይታመኑ። ከዚያ ፕሮቲኔዝ ኬ ተጨምሮ 56 ዲግሪ ላይ ይቆይ፤ ቀሪው እንደ ኪቱ መመሪያ ነው። የሚወጣው ፈሳሽ 50 ማይክሮ ሊትር ይሁን፤ ያንኑ መልሰው በኪቱ ማጣሪያ አምድ ላይ አንድ ጊዜ ቢያሳልፉት የሚወጣው ዲ ኤን ኤ ይጨምራል። ወረቀት ጫፎቹ ፈሳሽ ይዘው ስለሚቀሩ ከመጣላቸው በፊት በፒፔት ጫፍ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ይጨመቁ።

በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቱቦ ያለ ናሙና ሁሉንም ደረጃ ያልፋል። ኪቶች ራሳቸው የባክቴሪያ ዲ ኤን ኤ ይዘው ይመጣሉ፤ ራልስቶኒያ፣ ብራዲራይዞቢየም፣ ስፊንጎሞናስ፣ ሜቲሎባክቴሪየም፣ ሱዶሞናስ የሚሉ ስሞች በብዛት ከታዩ ከጥርሱ ሳይሆን ከኪቱ ወይም ከውሃው የመጡ መሆናቸውን ይጠርጥሩ። ለዚህም ነው ሙሉው ጥናት ከአንድ ሎት ቁጥር (በአንድ ጊዜ ከተመረተ) ኪት እንዲሠራ የሚመከረው፤ ሎቱ መሃል ላይ ከተቀየረ ልዩነቱ የታካሚ ልዩነት መስሎ ይወጣል።

መጠኑ ኩቢት በሚባለው የዲ ኤን ኤ መለኪያ ይለካ። ሌላው መለኪያ፣ ናኖድሮፕ፣ በዚህ አነስተኛ መጠን ላይ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም። ኩቢቱም ቢሆን የሰውየውንና የባክቴሪያውን ዲ ኤን ኤ አይለይም፤ ከሥር በሚወጣ ናሙና ውስጥ የሰው ዲ ኤን ኤ አብዛኛውን ቦታ ሊይዝ ይችላል። 10 ናኖ ግራም ለካሁ ብሎ መደሰት ስለዚህ አይበቃም። የባክቴሪያውን ብቻ የሚለካው ለሁሉም ባክቴሪያ የሚሆን ፕራይመር (የማባዛቱ መነሻ ቁራጭ) ያለው ሪል ታይም ፒ ሲ አር ነው፤ ለኮቪድ ሲባል ማሽኑ የገባላቸው ላቦራቶሪዎች በዚያው ሊሠሩት ይችላሉ። ሕጉ ይኸውና፦ ናሙናው ከብላንኩ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይብለጥ፤ በማሽኑ ቋንቋ የሲቲው (ምልክቱ የታየበት ዙር ቁጥር) ልዩነት 3.3 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከዚህ በታች የሆነ ናሙና ሲኩዌንስ ቢደረግ የሚነበበው ብላንኩ ነው። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እዚህ ላይ ይቁም።

ማባዛትና ማንበብ

ሁለት መንገድ አለ። ዲ ኤን ኤውን አዲስ አበባ እንደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አርማወር ሐንሰን ካሉ ተቋማት ጋር በትብብር ማስነበብ፣ ወይም ኪስ በሚገባው ሚናየን በተባለ ማንበቢያ ማሽን እዚሁ ማንበብ። ኢሉሚና በሚባለው ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ሦስተኛውና አራተኛው ተለዋዋጭ ክፍል፣ 460 ቤዝ ገደማ ነው፤ ንባቡ ጥራት አለው፤ ስሙ ግን ብዙ ጊዜ ዘር (ጂነስ) ደረጃ ላይ ይቆማል። ሚናየን ሙሉውን 1,500 ቤዝ ስለሚያነብ ወደ ዝርያ ስም ይቀርባል። ለደሴ እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ባለ 24 ባርኮዱ (ባርኮድ የእያንዳንዱን ናሙና ንባብ የሚለይ የዲ ኤን ኤ ምልክት ነው) የ16 ኤስ ኪት ለእያንዳንዱ ናሙና 15 ማይክሮ ሊትር ዲ ኤን ኤ፣ 25 ማይክሮ ሊትር ማስተር ሚክስና 10 ማይክሮ ሊትር ባርኮድ ይቀላቅላል። 95 ዲግሪ ላይ 1 ደቂቃ፤ ከዚያ 95 ላይ 20 ሰከንድ፣ 55 ላይ 30 ሰከንድ፣ 65 ላይ 2 ደቂቃ፣ ይህ 25 ዙር፤ መጨረሻ 65 ላይ 5 ደቂቃ። ባንዱ ደካማ ከሆነ 30 ዙር ድረስ መውጣት ይቻላል፤ ግን ሁሉም ናሙና፣ ብላንኩም ጭምር፣ እኩል ዙር ይሠራ። ዙር በጨመረ ቁጥር የሁለት ባክቴሪያ ቁርጥራጭ ተጋጥሞ የሌለ ባክቴሪያ ይፈጥራል፤ የኪቱ ቆሻሻም አብሮ ያድጋል።

ሃያ አራቱን ባርኮዶች ሁሉ ለታካሚ መስጠት ያጓጓል። አይስጡ። 16 የታካሚ፣ 2 የጥርስ ገጽ፣ 2 የወንበር ብላንክ፣ 2 የኪት ብላንክ፣ 1 የፒ ሲ አር ብላንክ፣ 1 ደግሞ ይዘቱ የታወቀ የባክቴሪያ ድብልቅ ይሁን። ዛይሞባዮሚክስ የሚባለው ድብልቅ ስምንት ባክቴሪያና ሁለት እርሾ አለው፤ ስምንቱ በተጠበቀው መጠን ከተመለሱ እጅዎና ኮምፒውተርዎ ልክ ናቸው። ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑት እነ ስታፊሎኮከስና ኢንተሮኮከስ ብቻ ካነሱ ዶቃ መምታቱ አልበቃም ማለት ነው።

ማጠቢያው በማግኔት ቢድ ነው፤ የቢዱ መጠን የናሙናው 0.6 እጥፍ። ለማጠቢያ የሚሆነው 80 በመቶ ኢታኖል በዕለቱ ከንጹሕ ኢታኖል ይበጥበጥ፤ ከፋርማሲ የሚገዛው የእጅ አልኮል ግሊሰሪን ሊኖረው ስለሚችል አይሆንም። ቢዱ 30 ሰከንድ ያህል ብቻ ይድረቅ፤ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጠቀ ዲ ኤን ኤው አይለቅም።

የተቀላቀለው ላይብረሪ (ለማንበብ የተዘጋጀው ዲ ኤን ኤ) 50 ፌምቶ ሞል ይሁን፤ በዚህ ርዝመት 50 ናኖ ግራም ገደማ ማለት ነው። ራፒድ አዳፕተሩ ተጨምሮ በ20 እና በ25 ዲግሪ መካከል 5 ደቂቃ ይቆያል።

ፍሎው ሴሉ፣ ማለትም ዲ ኤን ኤው በቀዳዳዎቹ እያለፈ የሚነበብበት የሚናየን ክፍል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ፍሪዘር ውስጥ ከገባ አለቀለት። ከመጠቀም በፊት ይፈተሽ፤ ሥራ ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ከ800 በታች ከሆኑ ላኪው ይተካል፤ ፍተሻው ግን ዕቃው በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ መደረግ አለበት። መጫኑ ትዕግሥት ይፈልጋል። የመግቢያውን ክዳን ከፍተው ፒፔቱን 200 ላይ አድርገው ቀጥ አድርገው ያስገቡት፤ መደወያውን ወደ 220 እና 230 ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ቢጫ ፈሳሽ ሲታይ ያቁሙ። አየሩ ወጥቷል። 800 ማይክሮ ሊትር ማዘጋጃ በቀስታ ያስገቡ፤ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሁለተኛውን ክዳን ከፍተው በመጀመሪያው መግቢያ 200 ይጨምሩ፤ ከዚያ 75 ማይክሮ ሊትሩን ላይብረሪ በሁለተኛው ጠብታ በጠብታ፣ እያንዳንዷ ጠብታ እስክትሰምጥ እየጠበቁ ያንጠባጥቡ። አንዲት አረፋ ገብታ በቀዳዳዎቹ ላይ ካለፈች የነካቻቸው ቀዳዳዎች አይመለሱም።

ለአንድ ናሙና 30,000 ንባብ ይበቃል። ለሃያ አራቱ ተደምሮ ጥቂት ሰዓት ነው፤ ያ ሲሞላ ያቁሙና ፍሎው ሴሉን በማጠቢያ ኪቱ አጥበው ለሚቀጥለው ያቆዩ። ሁለተኛው ዙር ግን በሌሎች ባርኮዶች ይሁን፤ ከፊተኛው ጥቂት መቅረቱ አይቀርም። ኮምፒውተሩ በዩ ፒ ኤስ ላይ ይሰካ፤ የእንቅልፍ ሁነታውና ራሱን የሚያድሰው ዊንዶውስ ይጥፉ።

ንባቡን ስም መስጠት

ባለ ከፍተኛ ትክክለኛነት ቤዝ ኮሊንግ (የማሽኑን ምልክት ወደ ቤዝ መቀየር) ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ካሉ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጋር መሥራት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከዚያ ከ1,300 ያጠሩና ከ1,700 ቤዝ የረዘሙ ንባቦች ይጣሉ፤ አጫጭሮቹ ቁርጥራጭ ናቸው፤ ረጃጅሞቹ የተጋጠሙ። ስም ለመስጠት ኢሙ የሚባለው ፕሮግራም ለሙሉ ርዝመት 16 ኤስ ተሠርቷል። የማወዳደሪያው መዝገብ የሰው አፍ ባክቴሪያዎች መዝገብ ይሁን፤ ሁሉን አቀፍ መዝገብ የአፍ ባክቴሪያን በአፈር ዘመዱ ስም ሊጠራው ይችላል።

ዲኮንታም የሚባለው የአር ፕሮግራም ብላንኮቹንና የተለካውን የዲ ኤን ኤ መጠን አይቶ ቆሻሻ የሚመስሉትን ይለያል። ዝርዝሩን ግን በዓይን ይዩት። ከጎረቤት ባርኮድ የሾለከ ፉሶባክቴሪየም ብላንክ ላይ በጥቂት ንባብ ታይቶ ፕሮግራሙ ከሁሉም ናሙና ሊያጠፋው ይችላል፤ ያ ደግሞ የጥናቱ ዋና ባክቴሪያ ነበር።

ሠንጠረዡን ማንበብ

ባልታከመ ሥር ውስጥ የሚጠበቁት ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም፣ ፖርፊሮሞናስ ኢንዶዶንታሊስ፣ ፓርቪሞናስ ማይክራ፣ ዲያሊስተር፣ ፕሬቮቴላ፣ ትሬፖኔማ፣ ኦልሰኔላ የመሰሉት ናቸው። ታክሞ በተመለሰው ላይ ኢንተሮኮከስ ፊካሊስ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሲኩዌንሲንግ ሲደረግ ግን ብቻውን ነግሦ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ኒሴሪያና ሮቲያ ገነው ከታዩ ምራቅ ገብቷል ብለው ይጠርጥሩ፤ ሁለቱም አየር ባለበት አፍ የሚኖሩ ናቸው። የዚያን ጥርስ የገጽ መቆጣጠሪያ መልሰው ይመልከቱ።

በሠንጠረዡ ላይ የሚወጣው መቶኛ ድርሻ እንጂ ብዛት አይደለም። አንዱ ባክቴሪያ የ16 ኤስ ጂኑን አንድ ጊዜ፣ ሌላው ከአምስት ጊዜ በላይ ይይዛል፤ ባለ ብዙው ሁልጊዜ ገኖ ይታያል። ከሥር ማጠብ በፊትና በኋላ የሚወዳደር ከሆነ ድርሻውን በሪል ታይም ፒ ሲ አሩ ጠቅላላ ቁጥር ማባዛት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ባክቴሪያው በሺህ እጥፍ ቀንሶ ሳለ ሠንጠረዡ ምንም ያልተለወጠ መስሎ ይታያል። ከታጠበ በኋላ የተወሰደ ናሙና የሞቱትንም ዲ ኤን ኤ ይዟልና "ሕክምናው አልሠራም" ለማለት አይቸኩሉ።

16 ኤስ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን አይናገርም። በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ለታካሚ አንቲባዮቲክ አይታዘዝ፤ መግል ለቋጠረ ሥር ሕክምናው ሥሩን ከፍቶ ማጽዳትና መግሉን ማውጣት ነው፤ አለበለዚያም ጥርሱን መንቀል።

ከእያንዳንዱ ናሙና የተረፈው 20 ማይክሮ ሊትር ያህል ዲ ኤን ኤ በሁለት ቱቦ ተከፍሎ፣ የሚቻል ከሆነ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ባሉ ፍሪዘሮች ይቀመጥ፤ የቁጥሮቹ መዝገብም በወረቀት ይታተም።